አንዲት ጠብታ የማታስገባ ጀልባ

እኔን ሙሉጌታን የሚያሸንፍ ሞተር ገና አልተፈበረከም። ሶማሌ ተራ በነበርኩበት ዘመን፣ ሦስት ጋራዥ ተስፋ የቆረጠባትን ቶዮታ ኮፈኗን ሳልከፍት በጆሮዬ ብቻ አዳምጬ በሽታዋን የነገርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ዶክተር" ነበር የሚለኝ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣሁ ወዲህም የጋራዡ ልጆች አስቸጋሪ መኪና ሲገባ ዞር ብለው የሚያዩት እኔን ነው። በርግጥ የሚያዩኝ መጥረጊያውና ባልዲው እኔ አጠገብ ስለሚቀመጥ ሊሆን ይችላል። ዋና ሥራዬ ዘይትና የፍሬን ሸራ መቀየር ነው።

ይኸው ዶክተር አንድ ሰመር ላይ አንዲት ጀልባ ገድሎ ሊቀብር ምንም አልቀረውም ነበር። ጀልባዋስ ዕቃ ናት፣ ትጠገናለች። የጎዳሁት ሌላ ነገር ነው። ታሪኩን በየድግሱ ስቀልድበት ስለከረምኩ፣ አሁን አንድ ጊዜ እንደነበረው ልናገረው ብዬ ነው። መሃል ላይ ቀልድ ካመለጠኝ ታገሱኝ፤ አፌ የለመደው እሱን ነው።

ጋሽ ተስፋዬ ክሊንተንቪል ነው የሚኖሩት። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቆመው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ በዲቪ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውንም የወሰድኩት በሳቸው መኪና ነው፤ ሦስቴ። ይሄ ሁሉ መካኒክነት እያለኝ ሁለቴ መውደቄን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም።

ጀልባዋን ያገኟት ከጎረቤታቸው ነው። አሜሪካዊው ሽማግሌ ወደ ፍሎሪዳ ሲሄዱ "ከአንተ በቀር የሚንከባከባት የለም" ብለው ትተውላቸው ሄዱ። ሞተሯ እንደ ብዙዎቹ ከኋላ የተንጠለጠለ አይደለም፤ መሃል ሆዷ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ከሞተሩ አንድ ረጅም ሻፍት ይነሳና የጀልባዋን ወለል በስቶ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ፕሮፔለሩ አለ። ሽማግሌው ከጀልባዋ ጋር አንድ ደብተር ሰጥተዋቸው ነበር፤ ምኑ መቼ እንደሚታይ፣ ምኑ እንዴት እንደሚጠበቅ በእጃቸው የጻፉበት። ጋሽ ተስፋዬ አንድ ዊንተር ሙሉ ቁጭ ብለው ደብተሩን ወደ አማርኛ ገለበጡት። በያንዳንዱ መስመር ፊት ትንሽ ሳጥን አሰመሩ፤ ሥራው ሲሠራ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል።

በዚያ ዓመት ስፕሪንግ ላይ ግን ጋሽ ተስፋዬ ሁለት ነገር ረሱ። አንድ ቀን ምድጃ ለኩሰው ከቤት ወጡ። ሌላ ቀን መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ጠፍቷቸው ሁለት ሰዓት ሲዞሩ ዋሉ። ልጃቸው ሊያ ነርስ ናት፤ ሉዊስ ሴንተር ነው የምትኖረው። እንዲህ ያለውን ነገር በሳቅ አታልፍም።

"ዳድ፣ አንድ ቅዳሜ አብሬህ ሐይቁ ላይ እወጣለሁ" አለቻቸው። "ሁሉም ነገር ሴፍ ከሆነ ጀልባዋ ያንተ ናት። ካልሆነ ትሸጣለች። ከዚያ ስለ መኪናውም እናወራለን።"

ጋሽ ተስፋዬ እሑድ እሑድ መንዳት የማይችሉ ሁለት አሮጊቶችን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱት በዚያ መኪና ነው። ስለዚህ ነገሩ ከጀልባም በላይ ነበር። ኮል አደረጉልኝ።

"ሙሌ፣ ሻፍቷንና ፕሮፔለሯን አይተህ እንከን የሌላት አድርግልኝ። ፈተና አለብኝ።"

"ጋሼ፣ እንኳን ጀልባ፣ መርከብ ቢያመጡልኝ በቁርስ ሰዓቴ እጨርሳለሁ" አልኳቸው።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ጋራዣችን ካለበት ከሂሊያርድ ወደ ክሊንተንቪል ሄድኩ። ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ትሬለሯ ላይ ቆማለች። ጋሽ ተስፋዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ደብተሩን ያነባሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ፕሮፔለሩን ፈታሁት። አንደኛው ክንፉ ድንጋይ ነክቶት ተሸርፏል፤ በሞረድ አለሰለስኩት። ሻፍቱ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ነበር፤ ቆራርጬ አወጣሁት። ግራሶ ቀብቼ ፕሮፔለሩን መለስኩ፣ ዳዶውን አጠበቅኩ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈውን ሽቦ በአዲስ ቀየርኩ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው የሠራሁት፤ ማንም ቢያየው አላፍርም።

ቀጥሎ ጀልባዋ ላይ ወጥተን የሞተሩን ክዳን አነሳን። ሻፍቱ ወለሉን በስቶ በሚወጣበት ቦታ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ። በውስጡ ግራሶ የጠጣ ገመድ በሻፍቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ ተጠቅጥቋል፤ ውሃውን የሚያግደው እሱ ነው።

"እዚህ ጋ ባለፈው ወር ውሃ በዛ ብሎ ይገባ ነበር" አሉ ጋሽ ተስፋዬ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው አነበቡ። "'በጥቂቱ ብቻ አጥብቅ። ሻፍቱ ሲዞር ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ጭራሽ ከደረቀ አላላው።'"

"ጠብ ጠብ ማለት አለበት?"

"ይላል።"

ያሠለጠኑኝ መካኒክ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሠርተን በጨረስነው መኪና ሥር ካርቶን ያነጥፉ ነበር። ጠዋት ካርቶኑ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ከተገኘች የዚያን ቀን ምሳ የለም። እኔ በዚያ ካርቶን ያደግኩ ሰው ነኝ። ያ ጠብ የሚለው ውሃ ለካ ሻፍቱን የሚያቀዘቅዘው፣ ገመዱንም እንዳይቃጠል የሚያደርገው እሱ ኖሯል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን የታየኝ ካርቶኑ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ እኚህ ፈረንጅ ማጥበቅ ሲያቅታቸው ነው ሕግ አድርገው የጻፉት" አልኩ። ረጅሙን ቁልፍ አስገብቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ክብደቴ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ዳዶው ሲጥጥ እስኪል ጠመዘዝኩት።

"ሙሌ፣ በጥቂቱ ነው እኮ የሚለው።"

"ጋሼ፣ ከኔና ከደብተሩ ማንን ያምናሉ?"

ጋሽ ተስፋዬ ሰውን ፊት ለፊት ማሳፈር አይሆንላቸውም። "አንተ ታውቃለህ" አሉና እርሳሳቸውን አንስተው ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረጉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር ተገናኘን። የጋሽ ተስፋዬ ባለቤት እትዬ አልማዝ ላይፍ ጃኬታቸውን ገና መኪና ውስጥ እያሉ ለብሰው ነው የመጡት።

"እትዬ፣ ገና አስፋልት ላይ እኮ ነን" አልኳቸው።

"አንተ የነካኸው ነገር ላይ ልሳፈር አይደል እንዴ" አሉኝ።

ሊያ ሳቀች። ጋሽ ተስፋዬ አልሳቁም፤ ደብተሩን ይዘው ጀልባዋን ይዞራሉ። ከኋላዋ በታች በኩል የዝናብ ውሃ የሚወጣባት አንዲት ቀዳዳ አለች። ጀልባዋ ውሃ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ቀዳዳዋ በፕለግ መደፈን አለባት። ጎንበስ ብለው ፕለጉን አስገብተው ሲያጠብቁ አየኋቸው። በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት። ቀና ብለው ምልክታቸውን አደረጉ። ከዚያ ትሬለሩን ወደ ኋላ እየነዱ ጀልባዋን ውሃው ላይ ሲያወርዷት አንዴም አልተሳሳቱም። እጇን አጣምራ ስታያቸው የነበረችው ሊያ ፊቷ ፈታ ሲል አየሁ።

መሃል ላይ ስንደርስ ፍጥነት ጨመሩ። እኔ የሞተሩን ክዳን ገለጥ አድርጌ ዳዶዬን አየሁት። እንደ ኩበት ደርቋል።

"ጋሼ፣ አንዲት ጠብታ የለችም" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ደብተሩ እኮ ይንጠባጠብ ነው የሚለው። በእጅህ ንካው እስቲ፤ መጋል የለበትም ይላል።"

"ቀዝቃዛ ነው" አልኩ። አልነካሁትም።

ጥቂት ቆይቶ ሊያ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አሸተተች። "የሚቃጠል ነገር አይሸታችሁም?"

"አዲስ ግራሶ ነው" አልኩ። "መኪናም ላይ እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ሲሞቅ ይሸታል።"

እኔንም ሸትቶኛል። ግራሶ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ገመድ ነው የሚቃጠለው። ያኔ "አቁሙ" ብዬ ዳዶውን ባላላው ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ቁልፉ እግሬ ሥር ነው። ግን "አቁሙ" ማለት "ደብተሩ ልክ ነበር" ማለት ሆነብኝ።

ከታች እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ተስፋዬ ፍጥነት ቀነሱ።

"ጫማዬ ረጠበ" አሉ እትዬ አልማዝ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው።

ክዳኑን አነሳሁ። ገመዱ አልቋል፤ በሻፍቱ ዙሪያ ውሃው እንደተከፈተ ቧንቧ ይገባል። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

"ምንድነው?" አለች ሊያ።

"ከታች ውሃ እየገባ ነው። ከየት እንደሆነ አይታይም።"

ይህን ታሪክ ድግስ ላይ ስናገር ውሃው እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ አንዴ እንዲያውም ዓሣ ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ ነበር። እውነቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ግን እየጨመረ ነበር፤ ውሃ መትፊያዋ ትንሽ ፓምፕም አልቻለችውም። እኔ ባልዲ ይዤ ሰባት ቅዱሳንን በአንድ ትንፋሽ እጠራለሁ። ጋሽ ተስፋዬ ግን ሞተሩን አጠፉ። "አልማዝ፣ መሃል ተቀመጪ። ሊያ፣ እናትሽን ያዢ" አሉ። ቢጫ ጨርቅ አንስተው በአቅራቢያችን የሚያልፍ ትልቅ ጀልባ ጠሩ፣ ገመድ ወረወሩ፣ ራሳቸው አሰሩ። የጀልባው ሰዎች እየጎተቱ ዳር አደረሱን። ከአራታችን መሃል ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጀልባዋን ትሬለሯ ላይ አውጥተን አስፋልቱ ላይ አቆምናት። ጋሽ ተስፋዬ ገና ከመኪናው አልወረዱም፤ ሊያ እናቷን ጥላ ሥር ታስቀምጣለች። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ውሃው እንዲፈስ ፕለጉን ፈታሁት። በእጄ አልፈታ ብሎኝ በቁልፍ ነው ያላቀቅኩት፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ውሃው ጎርፎ ወጣ። ፕለጉን ኪሴ ከተትኩ። መካኒክ የፈታውን መሬት ላይ አይጥልም፣ ኪሱ ነው የሚከተው። እስከዚህ ድረስ ምንም ተንኮል አልነበረኝም።

ሊያ መጣች። የሚፈሰውን ውሃ አየች፣ ቀዳዳዋን አየች።

"ዳድ፣ ፕለጉን አስገብተህ ነበር?"

ጋሽ ተስፋዬ ከመኪናው ወርደው መጡ። "አስገብቻለሁ።"

"ዳድ፣ የለም እኮ።"

ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተቱ። "አስገብቼ ነበር" አሉ እንደገና፤ አሁን የሚያወሩት ከራሳቸው ጋር ነው። "በእጄ አጥብቄ… ወይስ እሱ የባለፈው ወር ነው?"

ደብተሩን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ጠርዙ ረጥቧል። መስመሩን ፈልገው አገኙት። ምልክቱ አለ። ብዙ ጊዜ አዩት።

"ምልክት አድርጌያለሁ" አሉ። "ሳላስገባ ምልክት አድርጌ ይሆናል።"

ሊያ ትከሻቸውን አቀፈች። "ኢትስ ኦኬ ዳድ። ማንም አልተጎዳም።" ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ የምታናግርበት ድምፅ ነበር። እሳቸውም ድምፁን አወቁት፤ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ሙሌ፣ ሲያስገባ አይተኸው ነበር?"

ፕለጉ በኪሴ ጨርቅ በኩል ጭኔን ያቀዘቅዘኛል። እጄን ኪሴ ብከት ያበቃል። አፌ እንዲህ ዓይነት ጊዜ ላይ ቶሎ ነው የሚሠራው፤ ሠራም።

"ልብ አላልኩም" አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ጋሽ ተስፋዬ ለሁለቱ አሮጊቶች ደውለው ሌላ ራይድ እንዲፈልጉ ነገሯቸው። የመኪናውን ቁልፍ ለሊያ ሰጡ። እሷ ገና አልጠየቀቻቸውም ነበር።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ምድጃው ላይ "አጥፋ" የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። በሩ ላይ "ቁልፍ"። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው፣ "ሙሌ፣ ልፋትህን ውሃ አስበላሁት። ይቅር በለኝ" አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? "ጋሼ፣ እኔ ራሴ ሱሪዬን ረስቼ ሥራ ልገባ ምንም አልቀረኝም" አልኩ። እትዬ አልማዝ ሳቁ። ጋሽ ተስፋዬም፣ እንግዳ ላለማሳፈር፣ ትንሽ ሳቁ።

ከዚያ የባሰም አለ። አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ሰው ተሰብስቦ "ሙሌ፣ የጀልባዋን ንገረን" ሲለኝ ነገርኳቸው። ዓሣውን ጨመርኩበት። ፕለግ ሳይደፍኑ ሐይቅ የገቡትን ሽማግሌ ሆኜ ስጫወት ጀርባዬን ጎበጥ አድርጌ፣ ዓይኔን አጨናብሼ ነበር። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተስፋዬ ጥግ ላይ ሳህናቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ "ይሁን፣ እውነት ነው" እንደማለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክሊንተንቪል ሄድኩ። እትዬ አልማዝ ጓሮ ነበሩ። ጋሽ ተስፋዬ ፊት ቆሜ ፕለጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዳዶውን፣ "ቀዝቃዛ ነው" ያልኩትን፣ ግራሶውን፣ ክዳኑን መልሼ መዝጋቴን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድም ነገር አልጨመርኩም።

ፕለጉን አንስተው በጣታቸው አገላበጡት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ሊያ ስትጠይቀኝ ኪስህ ውስጥ ነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጠብቆ ነበር?"

"በቁልፍ ነው የፈታሁት።"

ተነሱ። ወደ ጓሮው በር ሲሄዱ እግራቸው ይፈጥን ነበር። "አልማዝ" አሉ፣ "አልማዝ፣ አስገብቼው ነበር። ምልክቱ ልክ ነበር።" እትዬ አልማዝ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። ባልና ሚስቱ ተያይዘው ሲቆሙ እኔ መግቢያው ላይ ያለውን ምንጣፍ አየሁ። ያን ሁሉ ሳምንት እኚህ ሰው የገዛ ጭንቅላታቸውን ሲፈሩ ከርመዋል። የፈሩት እኔ ያደረግኩትን ነገር ነው።

ጀልባዋ አልተሸጠችም። የጀልባ መካኒክ ገመዱን ቀይሮ፣ ሻፍቱን አለሰለሰ፤ አሁን ጠብ ጠብ እያለች ትሄዳለች። ሊያ ቁልፋቸውን መለሰችላቸው፤ ሐኪም ዘንድ ግን ወስዳ አስመረመረቻቸው፤ መኪናም ጀልባም መንዳት ይችላሉ ተባለ። እኔን አንድ ወር አላናገረችኝም። አሁን ሰላም ትለኛለች፤ ፍሬኗን ግን ሌላ ጋራዥ ነው የምታስቀይረው። አልፈርድባትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንደኔ ቀልደኛ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀልድ ሲዋዛ ደስ ይላል፤ ግን የምናስቅበት ሰው ላይ ምን ሸክም እንዳስቀመጥንበት ዞር ብለን አናይም። እኔ አሁን የማላውቀው ዕቃ ሲመጣ "አላውቀውም" እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የጋራዡ ልጆች አሞኛል ብለው ነበር። ሰው ስለሌላ ሰው መርሳት፣ መሳሳት ሲያወራ ደግሞ አልስቅም። ማን ያውቃል፣ ፕለጉ ማን ኪስ እንዳለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጋሽ ተስፋዬ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሰው ቤትም ስሜን ያነሳሉ። "ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ራሱን አጋለጠ፤ እንዲህ ያለ ወንድ ጥሩልኝ" ይላሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የመጣሁት እሑድ ነው። በዋዜማው ቅዳሜ ሊያ ቴክስት አድርጋልኝ ነበር፤ ለጀልባዋ ገዢ ተገኝቷል፣ ሰኞ ጠዋት የጀልባ መካኒክ ይዞ መጥቶ ሻፍቷን ያስፈትሻል የሚል። መካኒኩ ክዳኑን ሲያነሳ የተቃጠለውን ገመድ ማየቱ አይቀርም ነበር። ሰኞ የሚመጣ መካኒክ ባይኖር ኖሮ አልናገርም ነበር።